አምስት ቁጥር የበዛበት ድርሰት

ሰበታ መርሐ ዕውራን በተማርኩበት ዘመን ብሬልን ወደ ቀለም ጽሑፍ የሚመልሰው ሰው ነበር። እኛ ስሌት በሚባል ባለቀዳዳ ሰሌዳና ስታይለስ በሚባል መውጊያ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋን እንጽፋለን፤ ገልብጠን ስናነበው ነጥቡ ከግራ ወደ ቀኝ ይመጣል። ነጥቡን በዓይን ማንበብ የለመደ መምህር ደግሞ ከየመስመሩ በላይ ፊደሉን በእስክሪብቶ ያሰፍርልናል። ያልገባው ነገር ሲገጥመው «ና እስቲ ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠራናል። ጣታችንን እዚያው ላይ አሳርፈን እንመረምራለን፤ ወይ እኛ ተሳስተናል፣ ወይ ወረቀቱ ተጨፍልቆ ነጥቡ ጠፍቷል፣ ወይ እሱ ራሱ አንዱን ነጥብ ዘሎታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ ማርክ አይቆረጥም ነበር።

ዛሬ ያንን ሥራ ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ መሥራቱም ደግ ነው። ብሬል የሚያነብ መምህር በየትምህርት ቤቱ አይገኝም፤ ብሬል ከማያነቡ መምህራን ዘንድ የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ ግን ብዙ ነው። ስክሪን ሪደሮች፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም የብሬል መሣሪያዎች በብዛት የሚገለገሉበት ሊብሉዊ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከሉዊ ብሬል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ጆን ቦየር ማየትም መስማትም የተሳነው አሜሪካዊ ነበር። ሶፍትዌሩን ማንም በነጻ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ከፍቶ ያየዋል፣ ከቻለም ያሻሽለዋል። የየቋንቋው የብሬል ሕግ ሰንጠረዥ በሚባል ፋይል ለብቻው ይቀመጣል፤ የእኛም ፊደል የራሱ ሰንጠረዥ አለው። ኮምፒውተር ግን ማንንም «ና እስቲ ልጄ» አይልም። የተሰጠውን ሰንጠረዥ ተከትሎ ያገኘውን ያወጣል፤ ወረቀቱን የሚያነብ ሰውም የወጣውን ሁሉ የልጁ እጅ የጻፈው አድርጎ ይቆጥረዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የሰፈራችን የፉሪ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ወደ ለቡ ባቡር ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። አንድ ማታ ሁለቱም ቤቴ መጡ። ልጅቷ ሰላምታዬን እንኳ በደንብ አልመለሰችም። እናትየዋ አንድ ወረቀት እጄ ላይ አኖረችና፣

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ማታ ማታ ስትጽፍ እሰማታለሁ። ፊደል አትለይም ብለው መለሱልኝ» አለች።

ወረቀቱ ለጣቴ ልሙጥ ነው፤ የታተመ ነው። ኮምፒውተር የሚያጠና የእህቴ ልጅ ያኔ እኔ ዘንድ ይኖር ነበርና አንብብልኝ አልኩት። ጀመረ፤ ወዲያው ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይነበብም።»

«አትገምት። እንዳለ አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

«ስ። ኧ። ል። ኣ። ም።» ትንሽ ወረድ አለና «ፍ። ኡ። ር። ኢ» አለ። ሌላም መስመር ጨመረልኝ፤ «ብ። ኧ። ቅ። ኦ። ል። ኦ።»

ከወረቀቱ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ፊደል ያልለየች ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እንዴት ደረሰች?» የሚል ጽሑፍ አለ። ከ10 የተሰጣት 2 ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያነብ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልጅቷ ግን ቀድሞውኑ በቃሏ ይዛዋለች። ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ልጅን እንዴት እንደሚሰብር አውቃለሁ። በመምህሩ ግን አልፈረድኩበትም። እጁ የገባው ያ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ወረቀቱም እውነትም ያስፈርዳል።

ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ነገሩ ገባኝ። አንድ የብሬል ሴል 6 ነጥብ አለው፤ ከስድስቱ የሚወጣው ጥምረት 63 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 231 ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ሴል ሊደርሰው አይችልም። የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ መጀመሪያ ተነባቢው ይመጣል፣ አናባቢው ይከተለዋል። 1-2-3 ነጥብ ብቻውን ከቆመ ሳድሱ ል ነው። 1-3-6 ሲከተለው ካዕቡ ሉ፣ 2-4 ሲከተለው ሣልሱ ሊ፣ 1 ሲከተለው ራብዑ ላ፣ 1-5 ሲከተለው ኃምሱ ሌ፣ 1-3-5 ሲከተለው ሳብዑ ሎ ይሆናል። ግዕዙ ለ ደግሞ 2-6ን ያስከትላል። ጣታችን ሁለቱን ሴል በአንድ እስትንፋስ ስለሚያነበው ለእኛ ሉ አንድ ፊደል ነው። ወደ ቀለም የሚመልሰው ሶፍትዌርም ሁለቱን ገጥሞ አንድ ፊደል ማድረግ ይኖርበታል። ይህን ወረቀት ያወጣው ግን አልገጠመም። ተነባቢውን ሳድስ አድርጎ፣ አናባቢውን ለብቻው አስቀምጦ «ሰላም» ያለችውን ልጅ «ስኧልኣም» አሰኛት።

«ልጄ፣ አንቺ በትክክል ጽፈሻል። የሚገጥምልሽ ነው ያጣሽው» አልኳት።

«በምን አወቁ ጋሼ? ጽሑፌን እኮ አላነበቡትም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የደረስኩበት ግምት ነበር፤ ግምት ደግሞ መምህሩም ነበረው። የጻፈችበትን ፋይል ማየት አለብን።

የምትጽፍበት ኦርቢት ሪደር የሚባል 20 ሴል ያለው ትንሽ የብሬል መሣሪያ ነው፤ የተጻፈበትን ሚሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። በማግስቱ ካርዱን ይዛ መጣች። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ፋይሉን በኖትፓድ ከፈተው፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ተደባልቆበታል። በየቦታው አምስት ቁጥር አለ።»

«ጥራልኝ።»

«ኤስ፣ አምስት፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም።»

ሳቅሁ፤ ደስ ስላለኝ ነው የሳቅሁት። ብሬል ብዙ ጊዜ ቢ አር ኤፍ በሚባል አሠራር ይቀመጣል። ባዶውን ጨምሮ 64ቱ ጥምረቶች እያንዳንዳቸው በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት ይወከላሉ። በዚህ አሠራር 2-6 ነጥብ የሚወከለው በ5 ቁጥር ነው። 2-6 ደግሞ የእኛ ግዕዝ አናባቢ ነው፤ ሰን፣ በን፣ መን ለመጻፍ ከተነባቢው በኋላ የሚመጣው። የአማርኛ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል የተሞላ ስለሆነ ፋይሉም በአምስት ቁጥር መሞላት አለበት። ያ ሁሉ አምስት የልጅቷን ትክክለኛነት የሚመሰክር ነበር።

ይህን እያስረዳሁት ሳለ አቋረጠኝ። «ቆይ ቆይ! እዚህ ጋ ‹ፉሪ› ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ጥርት ብሎ፣ ኤፍ፣ ዩ፣ አር፣ አይ!» የእኛ ብሬል ብዙዎቹን ተነባቢዎችና አናባቢዎች ከላቲኑ ብሬል ጋር አንድ ዓይነት ነጥብ ሰጥቷቸዋል። ግዕዝ አናባቢ የሌለበት ቃል በቢ አር ኤፍ ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ራሱን ገልጦ ይነበባል። የሰፈራችን ስም ከዚያ ሁሉ ዝብርቅርቅ መካከል ብቅ ሲል ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ፊደላችንና የብሬል ነጥቦች ኮምፒውተር ሁሉ በሚስማማበት የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገቡት በአንድ እትም ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0። ከዚያ ወዲህ ⠇ን ራሷን አድርጎ መጻፍም፣ ለን ራሷን አድርጎ መጻፍም ይቻላል። ቢ አር ኤፍ ግን የድሮም ይሁን የአሁን የብሬል ማተሚያ ስለሚቀበለው እስካሁን አልተተወም። ስለዚህ ከፋይሉ ወደ ፊደሉ ለመድረስ ሁለት እርምጃ አለ። መጀመሪያ 5 ቁጥር 2-6 ነጥብ መሆኑን ማወቅ፣ ቀጥሎ 2-6 ነጥብ በአማርኛ ምን እንደሆነ ማወቅ። ከሁለቱ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል፤ ምልክቱ ግን የተለያየ ነው። ችግር ፈቺ መጀመሪያ የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመ መለየት አለበት።

የእህቴ ልጅ ሊብሉዊን የሚጠቀም ፕሮግራም ጭኖ ፋይሉን አስገባ። ሰንጠረዥ ምረጥ ሲባል ቀድሞ የተመረጠው አጽሕሮተ ቃል ያለበት የእንግሊዝኛ ብሬል ነበርና እሱን ሳይነካ አስኬደው። ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፤ «ሴንላም»። ቀጠለ፤ «ሜንስሜንር»። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «መስመር ነው ያልኩት!» አለች። በአጽሕሮተ ቃሉ የእንግሊዝኛ ብሬል 2-6 ነጥብ «ኢ ኤን» የሚሉትን ሁለት ፊደላት አሳጥሮ የሚይዝ ምልክት ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ የተመለሰ አማርኛ ግዕዝ ፊደል ባለበት ሁሉ «ኤን» ይላል። በየፊደሉ «ኤን» የሚል ጽሑፍ ያጋጠመው ሰው ፋይሉን መጠርጠር የለበትም፤ ሰንጠረዡን ይቀይር።

እኔን በዚህ ሥራ የሚያጽናናኝም ይህ ነው። የማሽን ስህተት ሥርዓት አለው። አንድ ጊዜ የተሳሳተበትን ምክንያት ካገኘህ ገጹ ሁሉ ላይ ያው ምክንያት ይሠራል። የሰው ስህተት እንደዚያ አይደለም፤ እዚህ ይሳሳትና ሁለት መስመር ወርዶ ያንኑ ቃል በትክክል ይጽፈዋል። ዋናው መለያ ይህ ነው፤ አራሚ መምህራን ሁሉ ቢያውቁት ምንኛ ደስ ባለኝ። «ሰላም» የሚለው ቃል በገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ከተበላሸ ልጅቷን አትጠይቋት።

የኢትዮጵያውን ሰንጠረዥ መረጠ። ሊብሉዊ ሲመልስ ረጅሙን ጥምረት ያስቀድማል። 1-2-3ን ሲያገኝ ል ብሎ አይቸኩልም፤ 1-3-6 ተከትሎት እንደሆነ አይቶ ሁለቱን አንድ ላይ ሉ ይላቸዋል። ሰንጠረዡ ውስጥ ሉ በሁለት ሴል መጻፉ እስከተመዘገበ ድረስ ይህ በራሱ ይሆናል። የስክሪን ሪደሩን ድምፅ ወደ አማርኛ ቀየርነውና ድርሰቱ ተነበበ። ከሰበታ ተነሥቶ በእኛ በኩል አድርጎ ጅቡቲ ስለሚሄደው ባቡር፣ የባቡሩ ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ እናቷ ከሰሉን ማራገብ እንደምትጀምር፣ ወደ ፉሪ ተራራ በኩል ዝናቡ ሲመጣ ከውሃው በፊት የአፈሩ ሽታ እንደሚደርሳት ጽፋለች። ጥሩ ድርሰት ነበር። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ከዘጠነኛ ክፍል ብዙ ድርሰት አርሜአለሁ።

ሁሉም ግን አልተስተካከለም። የቀረውን አንድ በአንድ ስንለቅም አመሸን፤ በመካከሉ መብራት ሄደና በባትሪ ቀጠልን።

እናትየዋን ያስደነገጠው የበቆሎው ዋጋ ነው። አንዱ በቆሎ «102ር» ይሸጣል ይላል። ልጅቷ «10ብር» ነው የጻፍኩት ብላ ማለች። ፋይሉን ስናይ እውነቷን ነው። በብሬል ቁጥር የራሱ ምልክት የለውም፤ 3-4-5-6 ነጥብ የቁጥር ምልክት ሆኖ ይቀድምና ከኤ እስከ ጄ ያሉት የላቲን ፊደላት ነጥቦች ከ1 እስከ 9ና 0 ሆነው ይነበባሉ። 1-2 ነጥብ በፊደልነቱ ብ ነው፤ በቁጥርነቱ 2 ነው። ከ10 ቀጥሎ ክፍተት ስላልተደረገ ብ ገና ቁጥሩ ውስጥ ናት ተብላ 2 ሆነች። ር ግን ቁጥር የመሆን ዕድል ስለሌላት ቁጥሩን አቁማ ፊደል ሆነች። በእጅ የሚያነብ ሰው ዐረፍተ ነገሩን ስለሚያውቅ ብር መሆኑን ይረዳል፤ ሶፍትዌር በቆሎ ስንት እንደሚሸጥ አያውቅም። ይህ ዓይነቱ ስህተት ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። «ስኧልኣም» የሚል ወረቀት ራሱን ያጋልጣል፤ 102 ግን ቁጥር ነው፣ ማንም ሳይጠራጠር ያልፈዋል። በሒሳብ ፈተና ወይም በመድኃኒት መጠን ላይ ቢመጣ ማን ይመልሰዋል?

ቀጥሎ «ባቡር» ተሰብሮ ተገኘ። አንዱ መስመር በ«ባብ» ያልቃል፤ ቀጣዩ በ«ኡር» ይጀምራል። ልጅቷን እንዴት እንደጻፈችው ጠየቅኋት። ከልጅነቷ ስሌት ላይ ስለተማረች መስመሩ ሲሞላ ወደ ታች መውረድ ልማዷ ነው፤ መሣሪያው ላይም 20ው ሴል ሲሞላባት አዲስ መስመር ትጫናለች። ቡ የሚለው ፊደል ሁለት ሴል ስለሆነ ተነባቢው ወዲያ አናባቢው ወዲህ ቀረ። ወረቀት ላይ ቢሆን ጣቷ መስመሩን ተሻግሮ ያገናኘዋል። ፋይል ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል የመስመር መቁረጫ ስላለ ሶፍትዌሩ የማይገናኙ አድርጎ ይወስዳቸዋል። የእህቴ ልጅ ፋይሉን ወደ ፊደል ከመመለሱ በፊት በቃል መሐል የገቡትን መቁረጫዎች አወጣ፤ ለወደፊቱ ደግሞ አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ አዲስ መስመር እንድትጫን ተስማማን። በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ይህ ስህተት ቃሉን ለሁለት ከመክፈል አያልፍም፤ በእኛ ግን ፊደሉን ራሱን ይሰብረዋል።

ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ በፊደል ፈንታ በሰያፍ መስመሮች መካከል የተጻፉ የነጥብ ቁጥሮች ነበሩ። የእህቴ ልጅ ይህን የሚደብቅ ማስተካከያ አግኝቶ ሊያጠፋቸው ሲል ከለከልኩት። ሊብሉዊ በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ የሌለው ጥምረት ሲያጋጥመው «ይህን አላውቀውም፣ ነጥቦቹ ግን እነዚህ ናቸው» የሚለው በዚህ መንገድ ነው። የድሮው መምህራችን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ እንደሚጠራን ሁሉ፣ ሶፍትዌሩም የሚጠይቅበት ቦታ እዚህ ጋ ብቻ ነው። እሱን ዝም ማሰኘት የለብንም። ልጅቷ ጣቷን በመሣሪያው ላይ አሳርፋ አየችውና አንድ ትርፍ ነጥብ እንደነካች ራሷ ነገረችን።

ከዚያ የእሷ የራሷ ስህተቶች ቀሩ። እዚህ ላይ ከእናትየዋ ጋር ትንሽ ተከራከርን። ማሽኑ መበላሸቱ ከታወቀ ወዲህ ሁሉንም በማሽኑ ላይ ማላከክ ፈለገች፤ የእናት አንጀት ነው፣ አልተቀየምኳትም። ነገር ግን «ቤት» በሦስት ቦታ «ቢት» ተብሎ ተጽፏል፣ በሌሎች ቦታዎች ትክክል ነው። «ኤ»ን የሚወክለው 1-5 «ኢ»ን የሚወክለው የ2-4 ግልባጭ ነው፤ በስሌት ላይ ገልብጦ መጻፍ የለመደ እጅ ሁለቱን ያምታታል። እኔም ተማሪዎቼ ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው። ይህ የልጅቷ ነው። «ሕይወት»ን በሀሌታው ሀ፣ «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ መጻፏም የእሷ ነው። ስክሪን ሪደሩ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ስለሚያነብ በጆሮ አይለዩም፤ የእህቴ ልጅ እየተመለከተ «ይሄ ሐመሩ ነው፣ ይሄ ሀሌታው ነው» እያለ ነገረን። ሶፍትዌሩ ነጥቡ ውስጥ የሌለውን ፊደል ሊያመጣ አይችልም፤ ማምጣትም የለበትም። የሚያይ ልጅ ሕይወትን በሀሌታው ሀ ቢጽፍ ይታረማል። ዓይነ ስውር ልጅም መታረም ይገባታል። ማሽኑ የጨመረባትን ጥፋት ማንሣት እንዳለብን ሁሉ፣ የራሷን ጥፋት ልንወስድባት አይገባም፤ ካልታረመች በምን ትማራለች?

ብሬሏን ወደ ቀለም መልሶ ወረቀቱን ያተመላትን ሰው በስልክ አገኘነው። ቅን ሰው ነው፤ የሚጠቀምበትን ሰንጠረዥ ሳያንገራግር በቴሌግራም ላከልን። ሰንጠረዥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ፊደልና የነጥብ ቁጥሮች ይዟል። የእሱ ሰንጠረዥ የያዘው ሳድሶቹንና አናባቢዎቹን ብቻ ነበር፤ ሉ 1-2-3 እና 1-3-6 ነው የሚል መስመር የለውም። ሌላ ሰው ሠርቶ የሰጠውን ተቀብሎ ነው ለዓመታት የተጠቀመበት። ከእሷ በፊት ስንት ተማሪ በዚያ ሰንጠረዥ እንዳለፈ ማሰቡ ከበደኝ።

የእህቴ ልጅ ሙሉውን ሰንጠረዥ ጫነለትና መፈተሻ አዘጋጀለት። ከሀ እስከ ፐ ሁሉንም ፊደል ከነሰባት ቤቱ በአንድ ፋይል ጽፎ ወደ ብሬል ቀየረው፤ ከብሬሉ መልሶ ወደ ፊደል አመጣው፤ ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አነጻጸረ። ልዩነት የታየበት መስመር ሁሉ መጠየቅ አለበት። እኔ በበኩሌ ለመፈተሻው ቃላት አዋጣሁ፤ ቁጥር ከፊደል ጋር የተጣበቀባቸውን፣ በመስመር መጨረሻ የሚሰበሩትን፣ በጣቴ ብዙ ጊዜ ያሳሳቱኝን። ሰንጠረዥ በቀየረ ቁጥር ያንን ገጽ ቀድሞ ያስኬደዋል።

ትምህርት ቤቱ የሄድነው አራታችንም ነን። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው። ልጅቷ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ድርሰቷን በጣቷ እያነበበች ጮክ ብላ አሰማችው፤ እሱ አዲሱን ወረቀት በዓይኑ ይከተላታል። ሲጨርሱ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። «እኔ ነጥብ አላነብም፤ ወረቀቱ የሰጠኝን ነው ያረምኩት» አለ። ቀዩን አስተያየት ሰርዞ እንደገና አረመ። ቢትን አከበበ፣ ሀሌታውን ሀ አከበበ፣ ጸሎቱን ጸ አከበበ፤ 7 ሰጣት። ለበቆሎው ዋጋም ግማሽ ማርክ መቁረጡን ነገራት፤ ወረቀቱ ላይ 10 ብር ብለን ብናስተካክለውም የእህቴ ልጅ የተስተካከሉትን ሁሉ በዝርዝር ጽፎለት ነበር።

ልጅቷ አልተቀበለችም።

«መምህር፣ ክፍተት አላደረግኩም፤ ያ የኔ ነው። 102 ያለው ግን እኔ አይደለሁም።»

«ክፍተት ብታደርጊ ኖሮ 102 አይልም ነበር።»

«ክፍተት ሳያደርግ 10ብር ብሎ በእስክሪብቶ ለጻፈ ልጅ ግማሽ ይቆርጣሉ?»

መምህሩ አሰበበት። ክፍሉ ውስጥ አጣብቆ የማይጽፍ ልጅ እንደሌለ ተናገረ፤ ግማሿን መለሰላት፤ ከወረቀቱ ዳር ግን «ከቁጥር በኋላ ክፍተት ይደረግ» ብሎ ጻፈበት፣ ጮክ ብሎም አነበበላት። እሷም መሣሪያዋን ከፍታ ጻፈችው።